የሱሉልታው የእንጨት በረንዳ፦ ይጠገን ወይስ ይፍረስ?

ቤቱ ያለው ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ፣ ተዳፋት ላይ የተሠራ ጭቃ ቤት ነው። ከፊቱ 7 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት በረንዳ አለው። ቦታው ቁልቁል ስለሚወርድ በረንዳው በግድግዳው በኩል ከመሬት ብዙም አይርቅም። በፊት በኩል ግን 1 ሜትር ከ60 ከፍ ብሎ በቋሚ እንጨቶች ላይ ቆሟል። የሠሩት የቤቱ አባወራ ናቸው፣ በ1970ዎቹ፣ በገዛ እጃቸው። እሳቸው አርፈዋል። አሁን እዚያ የሚኖሩት ባለቤታቸውና ታናሽ ልጃቸው ናቸው።

ነሐሴ ላይ ልጁ በረንዳው ላይ ወንበር ሲያነሳ እግሩ ሥር ያለው ጣውላ ሰመጥ ብሎ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የእህቱ ሰርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ሰርጉ የሚደገሰው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። እኔ ዕድሜዬን በግንባታ ተቆጣጣሪነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቡንም ከድሮ ጀምሮ አውቃለሁ። ልጁ ደወለና «ጋሼ፣ መጥተው ይዩልንና አንድ ነገር ይበሉን» አለኝ።

እኔ ስደርስ ሦስት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የሰፈሩ አናጢ በረንዳውን ዞር ዞር ብሎ አየና ፈረደ። «ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል። ምስጥ ጨርሶታል። ሁሉንም አፍርሰን በአዲስ ባህር ዛፍ እንሥራው» አለ። ልጁ እንጨት የሚባል ነገር ሰልችቶታል። ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ሞልቶ፣ ሴራሚክ አንጥፎ መገላገል ነው የሚፈልገው። እናትየው ደግሞ ጭራሽ እንዲነካ አይፈልጉም። «የሰመጠችውን አንድ ጣውላ ቀይሩና ተዉት። እሱ የሠራውን አታፍርሱብኝ» አሉ።

ሦስቱም ከልባቸው ነው የተናገሩት። ግን ሦስቱም ያዩት ከላይ ነው። ከላይ የሚታየው ደግሞ የጣውላው ፊት ነው፤ ግራጫ የሆነ፣ የሻከረ፣ በቁመቱ የተሰነጣጠቀ። ያንን አይቶ «አልቋል» ማለት ቀላል ነው። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው። እዚህ በረንዳ ላይ መልኩ ያስጠላው ነገር ጤነኛ ነበር፤ ያማረው ነገር ደግሞ የሞተ ነበር።

ስንት ሰው ይሸከማል?

ስለ እንጨቱ ከማውራታችን በፊት አንድ ሒሳብ ሠራን። በረንዳው 21 ካሬ ሜትር ነው። የእንጨት በረንዳ በብዛት በሚሠራበት በአሜሪካ፣ ለመኖሪያ ቤት በረንዳ የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር 195 ኪሎ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት የኛው በረንዳ ከ4 ቶን በላይ መሸከም አለበት። ይህ የተጋነነ ቁጥር ሊመስል ይችላል። ግን ሰርግ ነው። 50 ሰው ቢወጣበት፣ አንዱ ሰው በአማካይ 65 ኪሎ ቢመዝን፣ 3 ቶን ከሩብ ይሆናል። ያ ሰው ደግሞ ቆሞ አይውልም፤ ይጨፍራል። በአንድ ምት አብሮ የሚዘል ሰው ከክብደቱ በላይ ነው የሚጫነው። አማቾች ሲገቡ ሁሉም ሰው የሚሰበሰበው በፊተኛው ጠርዝ ላይ ነው፤ 1 ሜትር ከ60 ከፍታው ላይ።

ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው ከውበት ወደ ደኅንነት ዞረ። እናትየው ራሳቸው «እንግዲያ በደንብ ይታይ» አሉ። ኅዳር ላይ የሚካኤል ማኅበር ነበረባቸው፤ እሱም ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ እንዲበላ፣ በረንዳው በገመድ ታጥሮ እንዲቆይ ተስማማን።

ከሥር ሲታይ

ምርመራውን ያደረግነው መስከረም ውስጥ ነው። እንጨቱ የክረምቱን ውሃ ጠጥቶ ገና አልደረቀም ነበር። ጊዜውን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። በበጋ የበሰበሰ እንጨት ይደርቅና ጠንካራ ይመስላል። ከክረምት ማግሥት ግን ጉዱ ይወጣል።

ባትሪ፣ ካቻቢቴና መዶሻ ይዤ ከሥር ገባሁ። ልጁም አብሮኝ ገባ፤ ያ ጥሩ ነበር። ዘዴው ውስብስብ አይደለም። ካቻቢቴውን በእጅ ጉልበት ብቻ እንጨቱ ላይ መጫን ነው። ጤነኛ እንጨት ጫፉን ብቻ ያስገባል። የበሰበሰ እንጨት ይውጠዋል። ካጠራጠረ በካቻቢቴው ጫፍ ትንሽ ስንጥር ፈልቅቆ ማንሳት ነው። ጤነኛው ረዥም ስንጥር እየሰጠ፣ ጭርር እያለ ይነሳል። የበሰበሰው ድምፅ ሳያሰማ፣ አጭር ሆኖ ቅንጥስ ይላል። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ ባዶው ይታፈናል።

ቋሚዎቹ 10 ናቸው፣ 5 ከፊት፣ 5 መሐል ላይ። ሁሉም ባህር ዛፍ ናቸው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ስለሚቀቡ ከበረንዳው ሁሉ የሚያምሩት እነሱ ነበሩ። እግራቸው በኮንክሪት ተሞልቷል። ካቻቢቴውን እንጨቱና ኮንክሪቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስጭነው፣ ከፊተኞቹ 5 በሦስቱ ላይ እስከ እጀታው ገባ። የቀሩት ሁለቱም ዙሪያቸው ለስልሷል። አንድ ክንድ ከፍ ብለን ስንሞክር ግን ያው ቋሚ ድንጋይ ነው።

ለምን እዚያች ቦታ ላይ ብቻ? እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ውሃም አየርም ይፈልጋል። መሬት ውስጥ ጠልቆ ያለው እንጨት ውሃ አለው፣ አየር ያንሰዋል። ከላይ ያለው አየር አለው፣ ቶሎ ይደርቃል። ሁለቱም የሚገኙት የመሬቱ ወለል አካባቢ ነው። የመብራት ምሰሶ የሚፈትሹ ሠራተኞችም መጀመሪያ የሚያዩት ያንኑ ቦታ ነው። ኮንክሪቱ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በእንጨቱና በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ዝናብ በክፍተቱ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መውጫ የለውም። እንዲጠብቀው የተሠራው ኮንክሪት የውሃ ኩባያ ሆነበት። ዘይት ቀለሙም ከሥር የገባው እርጥበት በጎን እንዳይተን አፈነው።

ምስጥ የተባለውን ነገር በደንብ ፈለግነው፤ የለም። ምስጥ ቢሆን ኖሮ በቋሚው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ የአፈር መሿለኪያ ይታይ ነበር። እንጨቱም ሲከፈት ውስጡ በአፈር የተለሰነ ዋሻ ይሆን ነበር። እኛ ያገኘነው ቡናማ ሆኖ፣ በአግድምም በቁመትም ተሰነጣጥቆ፣ በጣት ሲጨብጡት የሚፈረፈር እንጨት ነው። ይህ መበስበስ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው፤ ምስጥ ይበልጥ የሚያስቸግረው ከዚያ ዝቅ ያለውንና ሞቃቱን አገር ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ምስጥ ከሆነ መድኃኒት ይገዛል። መበስበስ ከሆነ ግን ውሃውን ካላቆሙ የትኛውም መድኃኒት ገንዘብ መጣል ነው።

ከግድግዳው ጋር የሚያያዘው አግዳሚ ከሁሉም ይበልጥ አስደነገጠኝ። በረንዳው በአንድ ጎኑ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። የተያዘው ደግሞ በጭቃ ቤቱ ምሰሶዎች ላይ በተመታ ምስማር ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ በረንዳ ሲደረመስ በአብዛኛው የሚለቀው ይሄ መገጣጠሚያ ነው። ምስማር ወደ ታች የሚጫነውን ክብደት ይችላል። ወደ ውጭ ሲጎተት ግን ይነቀላል። እንጨቱ ከራሰና ምስማሩ ከዛገ ደግሞ ብዙ መጎተትም አያስፈልገውም። አንዱን ምስማር በጉጠት ያዝኩት። ያለምንም ትግል በእጄ መጣ።

ከጣውላው ሥር የተጋደሙት ተሸካሚ አጣናዎች 12 ናቸው። የ5ቱ ጀርባ በስብሷል። ከጎን ሲያዩዋቸው ደህና ናቸው፤ የበሰበሰው ጣውላው የተቀመጠበት ገጽ ነው። ሁለት እንጨት ተጣብቆ ሲተኛ መሐሉ የገባ ውሃ ቶሎ አይደርቅም። ያቺ ልጁ የረገጣት ጣውላ ራሷ አልተሰበረችም፤ ከሥሯ ያለው አጣና ነው የተንኮታኮተው። እናትየው እንዳሉት ጣውላዋን ብቻ ቀይረን ቢሆን ኖሮ አዲሷ ጣውላ እዚያው የበሰበሰ አጣና ላይ ትመታ ነበር።

አሁን ወደ ጣውላዎቹ ልምጣ። 40 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው። ከሥር ሲታዩ ግራጫ አይደሉም። ቀላ ያሉ ናቸው። አንዱን በቢላ ፋቅ ሳደርገው ሽታው ወጣ። የሐበሻ ጥድ ነው። ያውም ልቡ፣ የግንዱ መሐል።

የጥድ ልብ ለመበስበስም ለተባይም የማይመች እንጨት ነው። በየገጠሩ ለአጥር ቋሚ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ግራጫው ቀለም ደግሞ የመበስበስ ምልክት አይደለም። ፀሐይና ዝናብ የእንጨቱን ፊት ስለሚልጡት የሚመጣ ነው። ለስላሳ ከሚባሉት የጥድ ዓይነት እንጨቶች ላይ አየር ንብረቱ የሚሸረሽረው በ100 ዓመት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ካቻቢቴውን 40ውም ላይ ሞከርነው። 31ዱ ምንም አልሆኑም። 6ቱ ጫፋቸው ተቆርጦ የሚያገለግሉ ናቸው። 3ቱ ተጣሉ፤ እነሱም ነጣ ያለው የዛፉ ዳር የበዛባቸው ነበሩ። ዳሩ የልቡን ያህል አይጸናም።

እናትየው የሚያውቁት

እስካሁን ያገኘነው የተበላሸውን ነው፤ ለምን እንደተበላሸ አይደለም። እናትየውን ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ክረምት ላይ የጣሪያው ውሃ የት ነው የሚወርደው?»

«ልጄ፣ ባልዲ የማስቀምጥባትን ጥግ አታውቃትም? አሸንዳው ከተበሳ ስንት ዓመቱ!»

ባልዲ የሚቀመጥባት ጥግና ግድግዳው ላይ ያለው አግዳሚ በጣም የበሰበሰበት ቦታ አንድ ነው። ይህ ውሃ ስንት ይሆናል? አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ወደ በረንዳው የሚያዘነብለው ጣሪያ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 600 ሊትር ይሆናል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ያገኛሉ። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ያ ሁሉ ውሃ በተበሳ አሸንዳ አልፎ በበረንዳውና በግድግዳው መካከል ሲንቆረቆር ኖሯል። የእንጨት እርጥበት ከክብደቱ 20 በመቶ በታች ከቆየ አይበሰብስም። እዚያች ጥግ ያለው እንጨት ክረምቱን ሙሉ ከዚያ በታች ወርዶ አያውቅም።

ሌላም ነገር ነገሩኝ፤ ለውሳኔው ዋናው እሱ ሆነ። ቋሚዎቹና አጣናዎቹ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። አባወራው በሕይወት እያሉ አንዴ ቀይረዋቸዋል። እሳቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ የዛሬ 12 ዓመት ገደማ ሌላ አናጢ ቀይሯቸዋል። ጣውላዎቹ ግን አንዴም አልተቀየሩም፤ እየተነሱ መልሰው ነው የተመቱት።

ሁለት ጊዜ ባህር ዛፍ ተተክሎ ሁለት ጊዜ በስብሷል። በዚህ ሁሉ መሐል ጥዱ አለ። ከዚህ የበለጠ ምርመራ ማን ያመጣል?

ሦስቱን ሐሳብ ስንመዝን

በሙያው የተለመደ አንድ ልክ አለ። የጥገናው ወጪ ከአዲሱ ሥራ ግማሽ ካለፈ አዲስ መሥራት ይሻላል ይባላል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። እዚህ ግን አልተስማማኝም። ይህ ልክ በረንዳውን እንደ አንድ ዕቃ ነው የሚያየው። የኛ በረንዳ ግን ሁለት ነገር ነው፤ የሚሸከመውና የሚረገጠው። የሚሸከመው አልቋል። የሚረገጠው ደግሞ ዛሬ በገንዘብም በቀላሉ የማይገኝ እንጨት ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉ ቆይተዋል። ያን የሚያህል የጥድ ጣውላ አፍርሶ ለማገዶ መስጠት ለኔ ኃጢአት ነው የሚመስለኝ።

የአናጢው ሐሳብ ከሁሉም ርካሹ ነበር። ባህር ዛፍን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ያቆመው እሱ ነው፤ ለማገርም ለጣሪያም ለመወጣጫም የሚተካው የለም። ነገር ግን በዚህ ደጋ የሚበቅለው ነጩ ባህር ዛፍ ያለ መድኃኒት መሬት ነክቶ ሲቆም ዕድሜው አጭር ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። በሥራ ላይ እያለ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አናጢው «የተቃጠለ ዘይት እንቀባዋለን» አለ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ዘይቱ ግን ፊቱ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ልቡ አይዘልቅም። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ በኩል ዘይቱን አልፎ ይገባል። ከሞተር የወጣ ዘይት ለጤና ጎጂ የሆኑ ብረቶችና ኬሚካሎች አሉት። የልጅ ልጅ በሚድህበት በረንዳ ላይ አልፈቅድም።

የልጁ ሶሌታ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተከራከርን። ኮንክሪት አይበሰብስም ያለው ልክ ነው። ግን 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ራሱ በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ይመዝናል። ለ21 ካሬ ሜትር ከ6 ቶን በላይ ነው፤ ገና አንድ ሰው ሳይቆምበት። ጭቃ ግድግዳ ያንን አይሸከምም። ስለዚህ የራሱ መሠረት፣ የራሱ ኮለን፣ የራሱ ቢም ይፈልጋል። የግቢው የታችኛው ወገን ደግሞ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ከዚያ ካልጠለቀ ሶሌታው ራሱ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ እንደ አዲስ ግንባታ ስለሚታይ ፕላንና ፈቃድ ያስፈልጋል። የብሩን መጠን እዚህ አልጽፍም፤ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ጥምርታው ግን ይህ ነበር፦ የአናጢው ሥራ 1 ብር ቢሆን የልጁ ሶሌታ ከ4 ብር በላይ ነው። ቤቱ በብሎኬት የተሠራ ቢሆንና አፈሩም ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከልጁ ጋር እስማማ ነበር።

በመጨረሻ የተስማማነው ሸካሚውን በሙሉ አፍርሰን በብረት ቱቦላሬ ለመሥራት፣ ጣውላውን ግን መልሰን ለማንጠፍ ነው። ወጪው ከአናጢው ሒሳብ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሁለት ነገር ደግሞ የማይታለፍ ተባለ። አሸንዳው ከሁሉም በፊት ይቀየራል። አዲሱ ብረት ደግሞ ቤቱን አይነካም፤ በግድግዳው በኩልም የራሱ ቋሚ ይኖረዋል።

ልጁ ዝገትን ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱ ተገቢ ነው። መልሴ ዝገት ከውጭ የሚታይ መሆኑ ነው። አይተው ይፍቁታል፣ ይቀቡታል። እነዚያ አረንጓዴ ቋሚዎች ግን ኮንክሪት ውስጥ ሆነው ሲበሰብሱ ማን አያቸው? እናትየው ደግሞ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጣውላው ያው ራሱ ነው የሚመለሰው?» አዎ ስላቸው ተስማሙ።

ሥራው

ታኅሣሥ ላይ ተጀመረ። አስቸጋሪው ጣውላውን ሳይሰብሩ ማንሳት ነበር። የዛገ ምስማር በጉጠት ሲጎተት የደረቀ ጥድ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጣውላውን ከአጣናው ትንሽ ከፍ እያደረጉ በመሐሉ ሰጌቶ (የብረት መጋዝ) እያስገቡ ምስማሩን መቁረጥ ነበረባቸው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አንድም ጣውላ አልተሰበረም። በጠመኔ ቁጥር ተጻፈባቸው። ጥላ ሥር፣ በየመሐላቸው ቀጭን እንጨት እየገባ ተደረደሩ።

የመሠረቶቹ ጉድጓዶች መረሬውን አልፈው ጠንካራው አፈር ላይ እስኪደርሱ ተቆፈሩ። የኮንክሪቱ ራስ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ፤ ውሃ እንዳይተኛበትም ወደ ዳር ተዳፋት ተደረገ። በላዩ ወፍራም ላሜራ በብሎን ታሰረ፤ ቋሚው የተበየደው እዚያ ላይ ነው። ብረቱ ኮንክሪት ውስጥ አልተቀበረም። እንጨቱን የገደለውን ወጥመድ ለብረት ማጥመድ አልፈለግንም።

ቋሚዎቹ 80 በ 80፣ አግዳሚዎቹ 80 በ 40፣ ጣውላ የሚቀመጥባቸው ደግሞ 60 በ 40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ናቸው። ቋሚዎቹ በሦስት ረድፍ 15 ሆኑ። ከግድግዳው ጋር 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተተወ። የቱቦላሬው ክፍት አፎች በሙሉ በብየዳ ተዘጉ። ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀባ፤ በተለይ ብየዳው ላይ። ብረቱና እንጨቱ በሚገናኙበት ሁሉ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቀጭኑ ተቆርጦ ተነጠፈ። ብረት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይይዛል፤ ያ ጤዛ ወደ ጣውላው እንዳይገባ ነው።

አናጢው መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎት ነበር። ሥራው ግን ያለ እሱ አይሆንም ነበር። በረንዳው ከግድግዳው ወደ ውጭ 3 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘነብል ያሰበው እሱ ነው። ለሦስት ሜትር ያቺ ታህል ዘንበል ማለት ለእግር አትታወቅም፤ ውሃውን ግን ታስወጣለች። ጣውላዎቹ ተገልብጠው ያ ቀዩ ፊታቸው ወደ ላይ ይሁን ያለውም እሱ ነው። በመላጊያ ስስ አድርጎ ሲያነሳቸው ግቢው በጥድ ሽታ ታወደ። እያንዳንዱ ቀዳዳ መጀመሪያ በድሪል ተበስቶ ነው ቪቴ የገባበት፤ ምስማር አልተመታም። ቪቴ ነገ ጣውላ ማንሳት ቢያስፈልግ ይፈታል። በጣውላዎቹ መካከል የ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተተወ። የጎደሉትን ለመሙላት ከአንድ የፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጥድ ጣውላ ተገዛ። የበረንዳው ዳር መከለያ 1 ሜትር ከፍታ ኖሮት፣ ዘንጎቹ መሐል ከ10 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ክፍተት ቀረ። የሕፃን ጭንቅላት እንዳያልፍ ነው።

ከሰርጉ በፊት ጭነት ሞከርን። በአራት ቋሚዎች መካከል ያለው አንዱ ክፍል 2 ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝኑ 10 የአሸዋ ከረጢቶች እዚያ ላይ ደረደርን። ከሥር ክር ወጥረን ስንለካ መሐሉ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወረደ። ከረጢቶቹ ሲነሱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከቤተሰቡ ሁሉ ይህን ልኬት ያነበበው ልጁ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሶሌታ አላነሳም።

ከአንድ ክረምት በኋላ

ሰርጉ አለፈ፤ አማቾችም እዚያው ላይ ጨፈሩ። ለኔ እውነተኛው ፈተና ግን ክረምቱ ነበር። በቀጣዩ መስከረም ያንኑ ካቻቢቴ ይዘን ከሥር ገባን። የጣውላው ሆድ ደረቅ ነው። የግድግዳው ጥግም ደርቋል፤ የጭቃ ቤቱ ምሰሶዎች ሳይቀሩ ተርፈዋል። እነሱን ለማዳን ብለን አልጀመርንም ነበር፤ ግን አሸንዳው ባይቀየር ኖሮ ቀጣዩ ጉዳይ የግድግዳው ይሆን ነበር።

ያልተስተካከለም ነገር ተገኘ። ከግቢው ጀርባ ያለው ባህር ዛፍ ቅጠሉን አሸንዳው ውስጥ እየጣለ ዘግቶት ነበር። አሁን በሰኔ መግቢያና በነሐሴ አጋማሽ ይጠረጋል። በግድግዳውና በበረንዳው መካከል ያለው ክፍተትም ቅጠል ይይዛል፤ እሱ በመጥረጊያ እንጨት ይገፋል። አንድ ብየዳ ላይ ዝገት ብቅ ብሎ ነበር። ልጁ ራሱ በብረት ብሩሽ ፍቆ ቀባው። ሁለት ጣውላዎች ጫፋቸው ትንሽ ስለተነሳ ተጨማሪ ቪቴ ገባላቸው።

ደረጃው ገና የድሮው ባህር ዛፍ ነው። በዚህ ላይም ጥያቄ ተነስቶ ነበር፤ «ከተነካካ አይቀር እሱም ይቀየር» አለ ልጁ። ፈተሽነው። እግሩ የተቀመጠው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው፤ አፈርም ኮንክሪትም አይነካም። ካቻቢቴው ጫፉን ብቻ ነው ያስገባው። ስለዚህ አልተነካም። በየመስከረሙ ከበረንዳው ጋር አብሮ ይፈተሻል፤ ካቻቢቴው የገባበት ዓመት ይቀየራል።